የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ዊንዶውስ ላይ አልነሳ ሲል ጥፋቱን ፈልጎ የማግኛ መንገድ

የቁጥጥር ክፍሉ ስክሪን ላይ «ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» የምትል ትንሽ ሳጥን ብቅ ስትል፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ኔትወርክ ገመዱ ነው። ገመዱ ይነቀላል፣ ይሰካል፤ ስዊቹ ይጠፋል፣ ይበራል፤ ሳጥኗ ግን ተመልሳ ትመጣለች። ሳጥኗን ያወጣው ፕሮግራም አልዋሸም፤ በእርግጥም ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልቻለም። ያልቻለው ግን ሰርቨር የተባለው ሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ከመነሻውም ስላልተነሳ ነው። እሱ ያልተነሳው ደግሞ የሚጠብቀው ዳታቤዝ ስላልተነሳ፣ ዳታቤዙም ያልተነሳው የሚሠራበት አካውንት የይለፍ ቃል ትናንት ማታ ስለተቀየረ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው፦ ስክሪን ላይ የሚጮኸው የመጨረሻው ተጎጂ ሲሆን፣ መፈለግ ያለበት ግን መጀመሪያ የወደቀው ነው።

ስካዳም (ፋብሪካውን ከኮምፒውተር ላይ የሚከታተል ሶፍትዌር) ሆነ ኤችኤምአይ (ኦፕሬተሩ ማሽኑን የሚያይበትና የሚያዝበት ስክሪን) ወይም የፒኤልሲ (ማሽኑን በቀጥታ የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) ፕሮግራም መጻፊያ፣ ኦፕሬተሩ ዴስክቶፕ ላይ አንድ ምልክት ብቻ ስለሚያይ አንድ ፕሮግራም ይመስለዋል። ከምልክቱ በስተጀርባ ግን ዊንዶውስ ሲነሳ ተራ ጠብቀው የሚነሱ በርካታ ሰርቪሶች አሉ። በተለመደው አሠራር የላይሰንስ ሰርቪሱና ዳታቤዙ ይቀድማሉ፤ ከፒኤልሲዎቹ ጋር የሚነጋገረው የኮሙኒኬሽን ሰርቪስ ይከተላል፤ ከዚያ ፕሮጀክቱን የሚያስኬደው ክፍል፣ በመጨረሻም ስክሪኖቹ ይመጣሉ። የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ተራው እንዴት እንደሆነ ሶፍትዌሩ ደህና በነበረበት ቀን በወረቀት ላይ አስፍረው ከያዙ፣ በተበላሸበት ቀን የሥራው እኩሌታ ተጠናቋል ማለት ነው።

እጅ ከመስደድ በፊት

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ማሽኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ቢጠፋም ፒኤልሲው ፕሮግራሙን ማስኬዱን አያቆምም፤ ፓምፑ ይሽከረከራል፣ ማሞቂያው ይሞቃል፣ ማንቂያውን የሚያይ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመንካትዎ በፊት ከኦፕሬተሩ ጋር ተነጋግረው ሂደቱ ማሽኑ አጠገብ ባለው ፓነል በኩል እየታየ መሆኑን ወይም በደህና ሁኔታ መቆሙን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ መልእክቱን ፎቶ ያንሱት። ሳጥኑን «እሺ» ብሎ ዘግቶ «የሆነ የላይሰንስ ነገር የሚል መሰለኝ» ማለት ማንንም አይረዳም። የስህተቱ ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ስምና ሰዓቱ በትክክል ያስፈልጋሉ። ሶፍትዌሩ የራሱ የሎግ ፎልደር ካለው ደጋግሞ ለማስነሳት ከመሞከር በፊት ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ ይቅዱት፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች በተነሱ ቁጥር የቀድሞውን ሎግ ደምስሰው አዲስ ይጀምራሉ፤ አምስት ጊዜ የሞከረ ሰው የመጀመሪያውን ማስረጃ በገዛ እጁ አጥፍቶታል። የፕሮጀክቱን ፎልደርም እንዲሁ ይቅዱ።

ከዚያ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ትናንት ይሠራ ነበርን? በመካከሉ ምን ተለወጠ? «ምንም አልተለወጠም» የሚለው መልስ በቅን ልቦና የሚሰጥ ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ከስንት አንዴ ነው። በዚህ ረገድ ዊንዶውስ ውስጥ ተደብቆ የቀረ አንድ መሣሪያ አለ፤ በፍለጋው ሳጥን «ሪላየቢሊቲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲጽፉ የሚመጣው ሪላየቢሊቲ ሞኒተር እያንዳንዱን ቀን በአንድ ዓምድ አድርጎ የተጫነውን ዝማኔ፣ የወደቀውን ፕሮግራምና የተቋረጠውን መብራት ያሳያል። ቀይ ምልክቶቹ የጀመሩበትን ቀን ይፈልጉና በዚያው ወይም በዋዜማው ምን እንደተጫነ ያንብቡ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ኮምፒውተሩን «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» የሚል ሰው ሪስታርት አድርጎታል ማለት ላይሆን ይችላል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው አሠራር ሥራ ላይ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሥርዓቱን እምብርትና ድራይቨሮቹን (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞችን) በዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ እንዳሉ ይመልሳቸዋል፤ የተበላሸው ድራይቨርም ከነብልሹነቱ ይመለሳል። ሁሉንም ነገር ከባዶ የሚያስነሳው ሪስታርት የሚለው ምርጫ ነው። በመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች ላይ ፋስት ስታርትአፕን ፈጽሞ ማጥፋት ይሻላል ባይ ነኝ፤ በሚቆጥበው ጥቂት ሰከንድ የሚያስከትለው ግራ መጋባት አይካካስም።

የዊንዶውስን መዝገብ ማንበብ

የዚህ ሥራ ልብ ኢቨንት ቪወር ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ጠቅታ ሲነኩ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በግራ በኩል «ዊንዶውስ ሎግስ» በሚለው ሥር ካሉት ሁለቱ ያስፈልጉናል፦ ስለ ሰርቪሶችና ድራይቨሮች የሚናገረው «ሲስተም»ና ስለ ፕሮግራሞች የሚናገረው «አፕሊኬሽን»። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መዝገቡ አዲሱን ከላይ ስለሚያስቀምጥ ከላይ ያለውን የመጀመሪያ ቀይ ምልክት ይዞ ሥራ ይጀምራል። ያ ግን የመጨረሻው ተጎጂ ነው። የሰዓት ዓምዱን ጠቅ አድርገው አሮጌው ከላይ እንዲሆን ይገልብጡት፤ ኮምፒውተሩ የተነሳበትን ደቂቃ ይፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ታች እየወረዱ የመጀመሪያውን ስህተት ይያዙ።

ይህ ምን እንደሚመስል በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ስክሪኑ ላይ «ፕሮጀክቱ ሊከፈት አልቻለም» የሚለው ሳጥን የወጣው በ06:43 ነው እንበል። በሲስተም መዝገብ ውስጥ ግን በ06:41:08 ቁጥሩ 7038 የሆነ ክስተት ተመዝግቧል፤ ይህም አንድ ሰርቪስ በተሰጠው የይለፍ ቃል መግባት እንዳልቻለ የሚገልጽ ነው። በዚያችው ሰከንድ 7000 ይከተላል፤ ሰርቪሱ ሊነሳ አልቻለም ማለት ነው። አንድ ሰከንድ ቆይቶ 7001 ይመጣል፤ ሌላ ሰርቪስ የሚደገፍበት ሰርቪስ ስላልተነሳ እሱም እንደቀረ ይናገራል። ሳጥኑ ከሁለት ደቂቃ ገደማ በኋላ የመጣ ማሚቶ ነው። ፕሮጀክቱን ለመጠገን የተነሳ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲደክም ሊውል ይችላል፤ ፕሮጀክቱ ግን ምንም አልሆነም፤ መፍትሔው የአንድ አካውንት የይለፍ ቃል ማስተካከል ነው።

ከዚህ ውጭ በብዛት የሚያጋጥሙት 7009፣ ማለትም ሰርቪሱ በተፈቀደለት 30000 ሚሊሰከንድ ውስጥ «ተነስቻለሁ» ብሎ ሪፖርት ሳያደርግ እንደቀረ የሚገልጸው፣ እንዲሁም ተነስቶ የነበረ ሰርቪስ ሳይታሰብ መውደቁን የሚናገሩት 7031 እና 7034 ናቸው። በአፕሊኬሽን መዝገብ ውስጥ ደግሞ 1000 የሚለው ቁጥር ፕሮግራም መውደቁን ሲገልጽ፣ ሲወድቅ እየሠራ የነበረውን ሞጁል (የፕሮግራሙ አካል የሆነ ፋይል) ስም አብሮ ይሰጣል። ያ ሞጁል የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሆኖ ቢገኝ ዊንዶውስን ለመውቀስ አይቸኩሉ፤ የተሳሳተ ነገር አስረክቦት የሄደው ሌላ ፕሮግራም ሊሆን ይችላልና። 1026 ከዶት ኔት (ብዙ ፕሮግራሞች ተደግፈው ከሚሠሩበት የማይክሮሶፍት መደላድል) ጋር የተያያዘ ውድቀት ሲሆን፣ በመልእክቱ ውስጥ ያልተገኘው ፋይል ወይም የተከለከለው ፎልደር ብዙ ጊዜ በስም ተጽፎ ስለሚገኝ እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ያዋጣል።

ሰርቪሱ ለምን አልነሳም?

የሰርቪሶችን ዝርዝር ይክፈቱና የወደቀውን ሰርቪስ በእጅ ለማስነሳት ይሞክሩ። የሚመጣው ቁጥር አቅጣጫውን ያመለክታል።

1069 ከሆነ ጉዳዩ የመግቢያ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩን የጫነው ሰው ሰርቪሱን በራሱ አካውንት እንዲሠራ አድርጎት ይሆናል፤ ያ ሰው የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ወይም መሥሪያ ቤቱን ሲለቅና አካውንቱ ሲዘጋ ሰርቪሱም ይቀራል። የሚያስቸግረው ጉዳቱ በዕለቱ የማይታይ መሆኑ ነው፤ ሰርቪሱ አስቀድሞ ስለተነሳ ሥራውን ይቀጥላል፤ ከሁለት ወር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን አልነሳም ይላል፤ ያኔ የይለፍ ቃሉን ለውጥ የሚያስታውስ አይገኝም። የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ 7041 ከተመዘገበ፣ አካውንቱ እንደ ሰርቪስ የመግባት መብቱን አጥቷል ማለት ነው፤ በእጅ ቢመልሱለትም የዶሜኑ (የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችና አካውንቶች በአንድነት የሚተዳደሩበት ሥርዓት) የጋራ ደንብ የሆነው ግሩፕ ፖሊሲ መልሶ ሊነጥቀው ስለሚችል ጉዳዩን ከኔትወርክ አስተዳዳሪው ጋር መጨረስ ይገባል። ለሰርቪስ ብቻ የተለየ፣ በሰው ስም ያልተመዘገበ አካውንት መክፈት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

1068 ከሆነ ይህንን ሰርቪስ ይተውትና በባሕርያቱ መስኮት ውስጥ «ዲፔንደንሲስ» የሚለውን ክፍል ከፍተው የሚደገፍባቸውን ሰርቪሶች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ሥራው ወደዚያ ተዛውሯል።

1053 ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰርቪሱ በ30 ሰከንድ ውስጥ መልስ አልሰጠም ማለት ነው፤ የብዙዎች ፈጣን መፍትሔም በሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ማስተካከያዎቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ የጥበቃውን ጊዜ ወደ 60000 ሚሊሰከንድ ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ይሠራል፤ ሆኖም ለምን እንደዘገየ ሳያውቁ ጊዜ መጨመር ጥፋቱን ወደ ሌላ ቀን መቅጠር ነው። ዲስኩ አርጅቶ፣ አንቲቫይረሱ እያንዳንዱን ፋይል እየፈተሸ፣ ወይም ሁሉም ሰርቪሶች በአንድ ጊዜ ለመነሳት እየተጋፉ ሊሆን ይችላል። መጋፋቱ ምክንያት ከሆነ የሰርቪሱን አነሳስ ወደ ዘግይቶ መነሻ መለወጥ ይቻላል፤ ያኔ ሌሎቹ ከተነሱ 2 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይነሳል። ከኢንተርኔት በተነጠሉ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያጋጥም ሌላም ምክንያት አለ፤ በዲጂታል ፊርማ የታተሙ አሮጌ የዶት ኔት ፕሮግራሞች ሲነሱ የፊርማው ሰርተፍኬት አለመሰረዙን ለማጣራት ወደ ኢንተርኔት ይወጣሉ፤ መውጫ ሲያጡ እስኪሰለቻቸው ይጠብቃሉ፤ በዚህ መካከል 30 ሰከንዱ ያልቃል። ያው ሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ በፍጥነት ተነስቶ ፋብሪካው ውስጥ የሚያቅተው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው፤ ማጣሪያውን የሚያስቀር ማስተካከያ በፕሮግራሙ የኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ ስለሚደረግ አምራቹን ይጠይቁ።

ሰርቪሱ «በመነሳት ላይ» እንዳለ ከቀረ ደግሞ ለማንም የማይታይ ሳጥን ከፍቶ መልስ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች የሚሠሩት ከተጠቃሚው ዴስክቶፕ በተነጠለ የራሳቸው ሴሽን (የሥራ ክልል) ውስጥ ነው፤ የሚከፍቱት መስኮት ተጠቃሚው ዘንድ አይደርስም። አሮጌ ሶፍትዌር ግን ይህን ሳያውቅ «የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ ነው፤ ይቀጥሉ?» ብሎ ጠይቆ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ይጠብቃል። ይህን ለማረጋገጥ ሰርቪሱን አስቁመው ያንኑ ፕሮግራም በዚያው አካውንት በእጅዎ ያስነሱት፤ ሳጥኑ ካለ ፊትዎ ይወጣል።

ሰዓቱን ይመልከቱ

በአንድ የማምረቻ መስመር ላይ ሦስት የተለያዩ ስህተቶች ባንድ ጠዋት ገጥመውኛል። ስካዳው ላይሰንሱ ልክ እንዳልሆነ ይናገራል፤ የኦፒሲ ዩኤ (የፋብሪካ ሶፍትዌሮችና መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት የጋራ ቋንቋ) ግንኙነቱ የሰርተፍኬት ስህተት ያወጣል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ዶሜኑ መግባት እምቢ ይላል። ሦስቱንም ለየብቻ ለሦስት ሰዓት ያህል አሳደድኳቸው። ላይሰንሱን አውጥቼ መልሼ አስገባሁ፤ ሰርተፍኬቱን እንደገና ልሠራው ስል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚጸና የሚገልጸውን መስመር ከስክሪኑ ጥግ ካለው ቀን ጋር ሳስተያይ ኮምፒውተሩ ብዙ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ አገኘሁት። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 ባትሪ 3 ቮልት መስጠት ሲገባት መልቲሜትሩ 2.1 አነበበ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ባትሪዋ ሰዓቱን መያዝ ስላልቻለች ኮምፒውተሩ ወደ ጥንቱ ቀን ተመለሰ። የላይሰንስ ሶፍትዌሩ ሰዓቱ ወደኋላ መመለሱን ማጭበርበር አድርጎ ቆጠረው፤ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ሆነ፤ ዶሜኑ ደግሞ በተለመደው አቀማመጡ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልም። አንዲት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ተቀየረች፣ ሰዓቱ ተስተካከለ፣ ሁለቱ ወዲያው ተነሱ። ላይሰንሱ ግን አንዴ ስለተቆለፈ አምራቹ እስኪከፍተው ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ከኢቨንት ቪወርም በፊት ቀኑን፣ ዓመቱንና የጊዜ ክልሉን አያለሁ። መዝገቡን በሰዓት ተራ ማንበብ የሚቻለውም ሰዓቱ ትክክል ከሆነ ነው።

ላይሰንስና ዳታቤዝ

ላይሰንሱ በዩኤስቢ ዶንግል (ላይሰንሱን የያዘች፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካ ትንሽ ቁልፍ) ከሆነ ዶንግሉ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ መታየቱን፣ የራሱ ሰርቪስም መነሳቱን ያረጋግጡ። የዊንዶውስ ትልቅ ዝማኔ የዶንግሉን አሮጌ ድራይቨር ሊጥለው ይችላል። ላይሰንሱ ከኮምፒውተሩ ሃርድዌር ጋር የታሰረ ከሆነ ደግሞ የኔትወርክ ካርድ መቀየር፣ የነበረውን ካርድ ማጥፋት ወይም ቨርቹዋል ማሽኑን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረውን ኮምፒውተር) ወደ ሌላ ሰርቨር ማዛወር መለያውን ስለሚለውጠው ሶፍትዌሩ ባዕድ ኮምፒውተር ላይ ያለ ይመስለዋል። አንዳንድ የዶንግል ላይሰንሶች በሪሞት ዴስክቶፕ ለገባ ሰው አይፈቅዱም፤ ከቢሮዎ ሆነው የሚያዩት የላይሰንስ ስህተት ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ የማይኖር ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይህንኑ ያጣሩ።

ወደ ዳታቤዙ ስንመጣ፣ በርካታ ስካዳዎች የታሪክ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት በነጻ በሚሰጠው የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ፣ በኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ነው። እስከ 2022 ባሉት እትሞቹ አንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ ማደግ አይችልም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ የማንቂያ መዝገብ አንድ ቀን ከጣራው ይደርሳል። ዳታቤዙ ራሱ ይነሳል፤ የሚጻፍበትን ግን አይቀበልም፤ ሲነሳ አንድ መስመር መጻፍ ያለበት ስካዳም እዚያው ይወድቃል። ሙሉ በሙሉ የሞላ ዲስክም መልኩ ይኸው ነው፤ ስለዚህ የዲስኩን ባዶ ቦታ ማየት ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው።

ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነና ዊንዶውስ 11 ካለበት አንድ የተለየ ነገር አለ። ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚደግፈው የዲስክ ሴክተር (ዲስኩ በአንድ ጊዜ የሚጽፈው ትንሹ ቁራጭ) መጠን 512 እና 4096 ባይት ብቻ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ የኤንቪኤምኢ (ፈጣን ዓይነት) ዲስኮች በዊንዶውስ 11 ላይ ከዚህ የበለጠ መጠን ስለሚያስታውቁ የዳታቤዝ ሰርቪሱ አልነሳም ይላል። በኤስኪውኤል ሰርቨር የስህተት ሎግ ውስጥ ያልተገጣጠሙ የዲስክ ጽሑፎችን የሚመለከት መልእክት ካዩ ጉዳዩ ይህ ነው፤ ማይክሮሶፍት ያወጣው መፍትሔ በሬጅስትሪ በኩል ዲስኩ 4096 ብሎ እንዲያስታውቅ የሚያደርግ ነው። ሶፍትዌሩን አሥር ጊዜ አራግፎ መጫን ይህን አይፈታውም።

የጎደሉ ፋይሎች

«ይህ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የጋራ የኮድ ፋይል) አልተገኘም» የሚል መልእክት ሲመጣ ፋይሉን በስሙ ፈልጎ ከማይታወቅ ድረ ገጽ ማውረድ የማሽን መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስተክስኔት የተባለው ቫይረስ ፒኤልሲዎቹ ላይ የደረሰው የፕሮግራም መጻፊያው ከፒኤልሲው ጋር የሚነጋገርበትን አንድ የዲኤልኤል ፋይል በራሱ ተክቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ነው፤ ከማይክሮሶፍት ራሱ ይወሰዳል። ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት ቢሆንም ሶፍትዌሩ ባለ 32 ቢት ከሆነ የሚያስፈልገው ባለ 32 ቢቱ ጥቅል ነው። ስህተቱ 0ኤክስሲ000007ቢ ከሆነ ፋይሉ አልጠፋም፤ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባለ 64 ቢት ፋይል አንስቷል ወይም በተቃራኒው ሆኗል።

0ኤክስ80040154 የሚለው ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት አንድ የፕሮግራም ክፍል በሬጅስትሪ ውስጥ አለመመዝገቡን ይናገራል። እዚህ ላይ የዊንዶውስ አሰያየም ሰውን ያሳስታል፤ መጨረሻው 32 የሆነው የሲስተም ፎልደር ባለ 64 ቢት ፋይሎችን ሲይዝ፣ ስሙ በ64 የሚያልቀው ደግሞ ባለ 32 ቢቶቹን ይይዛል። ባለ 32 ቢት ክፍል በእጅ ሲመዘገብ መጠቀም የሚገባው በኋለኛው ፎልደር ውስጥ ያለውን መመዝገቢያ ፕሮግራም ነው።

አሮጌ ሶፍትዌሮች ዶት ኔት 3.5ን ይፈልጋሉ። ይህ በዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ የሚበራ ነው፤ ሲበራ ግን ፋይሎቹን ከኢንተርኔት ስለሚፈልግ በተነጠለ ኮምፒውተር ላይ ይከሽፋል፤ ፋይሎቹን ከዚያው የዊንዶውስ እትም መጫኛ ዲስክ ላይ መስጠት ያስፈልጋል።

የጎደለው ነገር በስሙ ካልተነገረ ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባለውን የማይክሮሶፍት መሣሪያ ይጠቀሙ። ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚከፍተውን እያንዳንዱን ፋይልና የሬጅስትሪ ቁልፍ ይመዘግባል። መስመሮቹ በመቶ ሺዎች ስለሚቆጠሩ በፕሮግራሙ ስም ያጣሩና ፕሮግራሙ ከወደቀበት ቅጽበት ወደ ላይ እየወጡ «አልተገኘም» ወይም «ተከልክሏል» የሚሉትን ይፈልጉ። አንድ ፋይል በአምስት ፎልደሮች ተፈልጎ በስድስተኛው መገኘቱ ጤናማ ነገር ነው፤ የሚያሳስበው የትም ሳይገኝ የቀረው ነው።

ፈቃድና አንቲቫይረስ

«በአድሚኒስትሬተርነት አስነሳው» የሚለው ምክር እንደ ምርመራ ጥሩ ነው፤ እንደ መፍትሔ ግን መጥፎ። በአድሚኒስትሬተርነት ሲነሳ ከሠራ ጥፋቱ የፈቃድ መሆኑን አውቀናል፤ ቀጣዩ ሥራ የትኛው ፎልደር ወይም የሬጅስትሪ ቁልፍ እንደተከለከለ በፕሮሰስ ሞኒተር አይቶ ለዚያ ብቻ መፍቀድ ነው። አሮጌ ፕሮግራሞች በፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ለመጻፍ ሲሞክሩ ዊንዶውስ በዝምታ ጽሑፉን በተጠቃሚው ፎልደር ሥር ወዳለው ቨርቹዋል ስቶር ያዞረዋል፤ ስለዚህ አንዱ ኦፕሬተር ያስተካከለው ለሌላው አይታይም። ለአንድ ተጠቃሚ ተነስቶ ለሌላው እምቢ የሚል ሶፍትዌር ሲያጋጥም መጀመሪያ እዚያ ይመልከቱ።

አንቲቫይረሱ አንድ ፋይል ወስዶ ለይቶ አስቀምጦት እንደሆነ ታሪኩን ይመልከቱ። አንቲቫይረሱን ፈጽሞ ከማጥፋት ይልቅ አምራቹ የሚሰጠውን ከፍተሻ ውጭ የሚሆኑ ፎልደሮች ዝርዝር ማስገባት ይገባል።

ፖርቶች፣ ስሞችና ዲኮም

የኮሙኒኬሽን ሰርቪሱ ተነስቶ ወዲያው ከወደቀና 10048 የሚል ቁጥር ካወጣ፣ ሊይዘው የፈለገው ፖርት (ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበት ባለ ቁጥር በር) በሌላ ፕሮግራም ተይዟል። በሪሶርስ ሞኒተር የኔትወርክ ገጽ ላይ እየተጠበቁ ያሉ ፖርቶች ከባለቤቶቻቸው ጋር ይታያሉ። ሞድባስ (ሌላው የፒኤልሲዎች መነጋገሪያ ቋንቋ) 502ን፣ ኦፒሲ ዩኤ 4840ን፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433ን በተለምዶ ይጠቀማሉ። ሲሙሌተር (ፒኤልሲን የሚያስመስል የሙከራ ፕሮግራም) ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ የዚህ ምክንያት ነው። ስዊች ከተቀየረ ወይም ካርድ ከተተካ በኋላ ደግሞ ዊንዶውስ ኔትወርኩን አዲስ ቆጥሮ «ፐብሊክ» ብሎ ሊመድበው ይችላል፤ ያኔ ለ«ፕራይቬት» ብቻ የተፈቀዱት የፋየርዎል ሕጎች አይሠሩም። የኮምፒውተሩ ስም መቀየርም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ ስካዳዎች የኮምፒውተሩን ስም በፕሮጀክቱ ውስጥ ስለሚጽፉ ስሙ ሲለወጥ ፕሮጀክቱ የሌላ ሰው ይመስላቸዋል።

በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል በዲኮም (ፕሮግራሞች ከኮምፒውተር ኮምፒውተር በሚነጋገሩበት የዊንዶውስ አሠራር) ላይ የተመሠረተው አሮጌው ኦፒሲ የሚሠራ ከነበረና ከዝማኔ በኋላ ከቆመ በሰርቨሩ የሲስተም መዝገብ ውስጥ 10036ን ይፈልጉ። ማይክሮሶፍት በዲኮም ላይ ያለውን የደህንነት ክፍተት ለመዝጋት እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2021 ጥብቅ ደንብ አወጣ፤ ሰኔ 14 ቀን 2022 ደንቡ በራሱ እንዲበራ ተደረገ፤ ከመጋቢት 14 ቀን 2023 ወዲህ ደግሞ የሚጠፋበት መንገድ የለም። በኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚገኘው «በሬጅስትሪ አጥፋው» የሚል ምክር የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው፤ ዛሬ ቢከተሉት ለውጥ አያመጣም። መፍትሔው ደንበኛ የሆነውን ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ማዘመን ነው፤ ያ ካልተቻለ ኦፒሲ ሰርቨሩንና ደንበኛውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ማድረግ ወይም ወደ ኦፒሲ ዩኤ የሚቀይር ጌትዌይ በመካከል ማስገባት ነው።

ከተነሳ በኋላ

ሶፍትዌሩ ሲነሳ ዕቃ ሰብስቦ መሄድ ያጓጓል። ሆኖም በእጅ የተነሳ ሰርቪስ በራሱ ይነሳል ማለት አይደለም። ከኦፕሬተሩ ጋር ተስማምተው ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉት፤ ማንም ሳይገባበት ለአምስት ደቂቃ ይተዉት፤ ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው መረጃው መፍሰስ መጀመሩን ይመልከቱ። ይህን ሁለት ጊዜ ይድገሙትና ከመነሳት እስከ ሙሉ ሥራ የወሰደውን ጊዜ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ ሳይመጣ ሽታውን ያውቁታል። በፍለጋው ወቅት ለሙከራ የከፈቱትን ፋየርዎል፣ ያጠፉትን አንቲቫይረስና የሰጡትን የአድሚኒስትሬተር መብት ወደነበሩበት ይመልሱ። ከዚያ የዲስኩን ሙሉ ምስል በውጫዊ ዲስክ ላይ ይውሰዱ፤ ቀኑንና የተስተካከለውን ነገር ላዩ ላይ ይጻፉበት፤ ዲስኩንም ከኮምፒውተሩ ነቅለው በሌላ ክፍል ያስቀምጡት።